የኬላው ተዝካር

ጥር 12 ቀን 1974፣ መካነ ሰላም

ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ውሏቸውን ይጽፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ከዛሬ ጀምሮ ትልቅ ሰው የመሆን ተስፋ አለኝ።

የጥምቀት ማግስት ነው። ጠዋት ኬላው ላይ ቆሜ እጄን በትንፋሼ ሳሞቅ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ላቀው በላንድሮቨር መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ፣ «ጓድ ክንፈ፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርነት ስምህ ተነስቷል። ምርጫው በቅበላ እሑድ ነው። እስከዚያ ኬላህ ንጹህ ይሁን» አለኝ። «ኬላዬ እንደ መስታወት ነው» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ከሄደ በኋላ ፊሽካዬን ያለ ምክንያት ነፋሁት።

ለታሪክ ይሆን ዘንድ ሥራዬን ልጻፈው። ኬላዬ ማለት ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በሁለት ግንድ መሀል የተወጠረ ገመድ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ፣ አንድ ፊሽካና አንድ የጆንያ መውጊያ ብረት ነው። ከእህል ድርጅቱ ወረቀት የሌለው እህል በዚህ ገመድ አያልፍም፤ ወዲህም ወዲያም። ለሠርግ ቢሉኝ አላሳልፍም። ለዘመድ ጥየቃ ቢሉኝ አላሳልፍም። አውራጃው በሽማግሌዎች ልመና የፈቀደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የክርስቲያን ተዝካርና የሙስሊም ሰደቃ። ሙት ወረቀት አይጠየቅም።

ከእኔ በፊት የነበረው የኬላ ኃላፊ ላላ ያለ ሰው ነበር ይባላል። ደሴ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ስብሰባው አላለቀም።

ማታ ለባለቤቴ ለድንቅነሽ ነገርኳት። ጠላዋን እየጠነሰሰች ነበር። «ሊቀመንበር ከሆንክ ኬላውን ማን ይይዘዋል?» አለች። ከሁሉ አስቀድማ ይህን መጠየቋ ለመንግሥት ሥራ ያላትን አሳቢነት ያሳያል። «ገመድ ጠባቂው ወንድምሽ ምናለ ነዋ፤ ሌላ ማን አለ?» አልኳት። ጋኑን ትታ መጥታ ሳመችኝ።

ጥር 14

ብርድ። ሁለት ጆንያ ገብስ ያዝኩ። ለሠርግ ነው አሉ። ሙሽራው ራሱ አብሮ ነበርና ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። የሙሽራው እናት «አንተ ክንፈ፣ ከዚህ ጎጆ የምትወጣበትን ቀን ያሳየኝ!» ብላ ወደ ሰማይ አየች። ምርቃቷ ልቤን ነካው። ስለ ምርጫው ሰምታለች ማለት ነው።

ጥር 17

ዛሬ አለቀስኩ።

ከገመዱ ማዶ የሚኖሩት ገበሬ አያ ንጉሡ ሞተዋል። አያ ንጉሡ ማለት አምና በቅሎዬ ገደል አፋፍ ላይ በወደቀች ጊዜ ብቻቸውን ጎትተው ያወጡልኝ ሽማግሌ ናቸው። ደጎሎ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ አሉ። ሚስታቸው እታገኘሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከገመዱ ወዲህ ካለው አውድማቸው ጤፍ የተጫኑ ስድስት አህዮች እየነዳች መጣች። «ጋሼ ክንፈ፣ አርባው ደረሰ። ማዶ ሚካኤል ካህናቱ እየጠበቁኝ ነው» ብላ ገመዱን ይዛ ተንሰቀሰቀች። አህዮቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ምናለ ጆንያውን እንድወጋ ብረቱን አቀበለኝ። «ወግድ! ሙት አይወጋም» አልኩት። ኮፍያዬን አውልቄ የፊተኛይቱን አህያ በእጄ እየሳብኩ አሳለፍኳት። እታገኘሁ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ አየ። በተለይ ነጋዴው አህመድ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየ፤ ልቡ እንደተነካ ከፊቱ ያስታውቃል።

ጥር 20

አህመድ ዘጠኝ አህያ ጭኖ መጣ። የአክስቱ ሰደቃ ነው። «አብሽር አህመድ» አልኩት። «ወላሂ ጋሼ ክንፈ፣ ሃይማኖት የማይለይ ሹም ገና ዛሬ አየሁ» አለኝ። አክስቱ ብዙ ሰው የሚወዳቸው ሴት ነበሩ ማለት ነው።

ከሰዓት ደግሞ ባለሱቋ በለጡ መጣች፤ ለአያቷ ነው። አያቷ የሞቱት በጣሊያን ጊዜ ነው። «ምነው እስከ ዛሬ?» ብላት፣ «ተዝካራቸው ስላልወጣ በሕልሜ እየመጡ ያንቁኛል» ብላ ሙሾ አወረደች። በለጡ ስታለቅስ ድንጋይ ይሰነጠቃል። አሳለፍኳት።

ማዶ ከባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆሞ አየሁ። ካህናቱን ሊያመላልስ ይሆናል።

ጥር 23

ከጎጆዬ ጀርባ አህመድና በለጡ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው እያለቀስን የምንኖረው? ዓይኔ እኮ አበጠ» ትላለች በለጡ።

«እስከ ቅበላ ታገሽ። እሱ ከተመረጠ እንገላገላለን» ይላል አህመድ።

ሕዝቡ ምን ያህል መከራ እንደተሸከመና ምን ያህል ተስፋ እንደጣለብኝ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ለድንቅነሽ ስነግራት ሳል ያዛት። ቤቱ በጭስ ተሞልቶ ነበር።

ጥር 25

ጓድ ላቀው መጥቶ ጎጆዬ ውስጥ ተቀመጠ። ሻይ አላለኝም፣ ምን አላለኝም።

«ጓድ ክንፈ፣ የጤና ጣቢያው ሕዝቡ ደህና ነው ይላል። የአንተን ኬላ ሳየው ግን አውራጃው ማለቁ ነው። ይህ ሁሉ ሰው መቼ ሞተ?»

«አብዛኛው በፊውዳሉ ሥርዓት ጊዜ ነው የሞተው፣ ጓድ።»

ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። «የምርጫው ዕለት በሕዝብ ፊት አጣራለሁ። አንድ የውሸት ሙት ባገኝ ግን አንተን ወደ ሊቀመንበርነት ሳይሆን ወደ ደሴ ነው የምልክህ፤ ለስብሰባ» አለና ሄደ።

ከሄደ በኋላ ገመዱን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። ግን ምን አስፈራኝ? የማሳልፈውን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን አይቼ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የምጠረጥር ሰው ነኝ።

ጥር 28

አያ ንጉሡ ዛሬ መጡ።

ልድገመው። አያ ንጉሡ፣ ተዝካራቸው በእኔ ኬላ ያለፈው፣ ኮፍያዬን ያወለቅኩላቸው፣ ያለቀስኩላቸው፣ ዛሬ ከሰዓት መጡ።

ከወረኢሉ በኩል አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ገመዱ ላይ ቆመ። ምናለ ምሳ ሄዶ ነበር፤ ብቻዬን ነኝ። እንደ ደንቡ ከጭነቱ ላይ የተሳፈሩትን ለማየት ቀና ስል፣ አያ ንጉሡ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ ይመጥጣሉ።

«ክንፈ! ደህና ነህ ወይ? በቅሎይቱስ?»

አማተብኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ አሁንም አሉ። ሸንኮራ የሚመጥጥ መንፈስ ደግሞ ሰምቼ አላውቅም።

«አያ ንጉሡ፣ አልሞቱም?»

«ማን ነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎታ! ተዝካርዎ እኮ ወጣ። በዚህ በገመዴ ነው ያለፈው!»

ሽማግሌው ሸንኮራውን ከአፋቸው አወጡና፣ «እታገኘሁ አለቀሰች?» አሉኝ።

«በጣም።»

«ኧረግ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ከተማ የመጡት ለእሷው ሻሽ ሊገዙ ኖሯል።

እኔ ግን ሒሳብ ጀመርኩ። እታገኘሁን ባስይዛት፣ በቁም ሰው ተዝካር የተሞኘሁት ሹም እኔ ነኝ። ባላስይዛትና ሽማግሌው ገበያ መሀል ቢታዩ፣ ጓድ ላቀው የውሸት ሙቱን አገኘ። በሁለቱም በኩል ደሴ ነው። ከመኪናው አወረድኳቸውና ካፖርቴን ራሳቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እስከ ቅበላ ብቻ ሞተው ይቆዩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«የት ነው የምቆየው?»

«እኔ ቤት፣ ጓዳ።»

«ምን ይበላል እዚያ?»

«ሥጋም ጠላም አለ።»

«እንግዲያስ ልሙት» አሉ።

በብረቱ ወግቼ ቢሆን ኖሮ! እላለሁ ደጋግሜ። ግን ብወጋውስ ምን ሊወጣ? ጤፍ ነው፤ ጤፍም ነው ብላለች። ሙቱን በምን ብረት እወጋዋለሁ?

ጥር 29

ድንቅነሽ አያ ንጉሡን ጓዳ ስታያቸው ምንም አልደነገጠችም። «እንዴ፣ መጡ?» ብቻ ነው ያለችው። ጠንካራ ሴት ናት። ምናለ ግን ሲያያቸው ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ልጅ ነውና ሙት ይፈራል።

ሁለቱንም አስማልኳቸው። ነገሩን ከሥሩ ላጣራ ብዬ ስነሳ ድንቅነሽ «ተው እባክህ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የካቲት 3

ሟቹ በጣም ይበላሉ።

ሲመሽ ምድጃ ዳር ያስቀምጡኝና ስለ ተዝካራቸው ያስወሩኛል። ማን መጣ? ጎረቤታቸው፣ ያ በድንበር የሚጣላቸው፣ አዘነ ወይ? ስንት አህያ ነበር? ስድስት ስላቸው ቅር አላቸው። የአህመድ አክስት ዘጠኝ እንደነበራቸው አልነገርኳቸውም።

«አንተስ፣ አለቀስክ?» አሉኝ ዛሬ።

አልቅሻለሁ አልኳቸው። «እስከዚህ ዕድሜዬ ስንት ሹም አለፈ፤ ያስለቀሰኝ እንጂ ያለቀሰልኝ የለም» አሉና ጣሳቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ደህና ሰው ናቸው። እውነት የሞቱ ዕለት በጣም ነው የማዝነው።

የካቲት 6

ዓይን ያዝ ሲያደርግ እታገኘሁ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ባሏን ስታይ ትጮሃለች፣ እግሬ ሥር ትወድቃለች ብዬ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወገቧን ይዛ፣ «እኔ ማዶ ብቻዬን እየተንከራተትኩ አንተ እዚህ ጠላ ትጋታለህ?» አለቻቸው።

«የሞትኩት እኔ ነኝ፤ ልረፍበት እንጂ» አሉ እሳቸው። ከኪሳቸው ሻሹን አውጥተው ሰጧት። ምናለን ልከው አስገዝተዋል፤ ቀይ ነው። «ለሐዘንሽ ነው» ሲሏት ሁለቱም በሳቅ ወደቁ። እኔን ስታይ ሻሹን ነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው።

«እታገኘሁ፣ ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት።

«ጋሼ ክንፈ፣ ድርጅቱ ጤፌን በሚወስድበት ዋጋ ጨው እንኳ አይገዛም። ለሠርግ ነው ብልዎ አያሳልፉኝም። ልጆቼን ላለብስበት ነው ብልዎ አያሳልፉኝም። ከሰው ሁሉ የሚያከብሩት ሙት ብቻ ነው። ታዲያ ማንን ልግደል? ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

አዘጋጅቼው የነበረው ንግግር ጠፋብኝ። እዚህ ላይ ላቁም፤ ጠላ ጠጥቻለሁ።

የካቲት 9

ተወዳዳሪዬ መምህር መልአኩ ነው። ንግግር ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው የለውም። እኔን ግን ከተማው በሙሉ ወዶኛል። አህመድ በየሱቁ እየዞረ ያወራልኛል። ገብሷን የወረስኩባት የሙሽራው እናት እንኳ «ክንፈ ካልተመረጠ ሞቼ እገኛለሁ» ትላለች አሉ። እህል የያዝኩበት ሰው ሁሉ ነው ከሌላው ይበልጥ የሚደግፈኝ። እንዲህ ያለ ቂም የማይዝ ሕዝብ በዓለም የለም።

ድንቅነሽ ከቤት ቤት ስትዞር ውላ ደክሟት ገባች። «ለምንድነው እንዲህ የወደዱኝ?» አልኳት።

«ከፍ ብለህ ሊያዩህ ይፈልጋሉ» አለች እግሯን እያሸች። «ከፍ ብለህ፣ ራቅ ብለህ።»

የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን። ሰልፍ። ብርድ። የጓድ ላቀው ዓይን እኔ ላይ። አያ ንጉሡ ምርጫውን ካላየሁ ይላሉ። «ሙት ድምፅ አይሰጥም» ብላቸው፣ «የተከበርኩት ከሞትኩ ወዲህ ነው፤ ለምን አልሰጥም?» አሉ። በሩን ቆልፌባቸው መሄድ አለብኝ።

የካቲት 14፣ ቅበላ

ሁሉንም በቅደም ተከተል መጻፍ አለብኝ።

አዳራሹ ስለጠበበ ስብሰባው ሜዳው ላይ ሆነ። ሰው ሁሉ ከቅበላ ሥጋው ተነስቶ የመጣ ስለሆነ ፊቱ ያብረቀርቃል። ጓድ ላቀው ጠረጴዛውን መትቶ፣ «ከምርጫው በፊት አንድ ጉዳይ አለ» አለ። እታገኘሁን በስሟ ጠርቶ አስነሳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ከሥሩ ግን የቀይ ሻሹ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«ባልሽ መቼ ሞተ?»

«ታኅሣሥ ሲገባ።»

«የት ተቀበረ?»

«ደጎሎ።»

«ማን ቀበረው?»

እታገኘሁ ወደ መሬት አየች። በዚህ መሀል ከኋላ፣ «ስለ እኔ ከሆነ እኔኑ አይጠይቁኝም?» የሚል ድምፅ መጣ።

አያ ንጉሡ ነበሩ። ያረጀ ካኪ ኮቴን ለብሰዋል። በሩን የቆለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ቁልፉን የሰጠሁት ለድንቅነሽ ነው፤ ድንቅነሽ ከጎናቸው ቆማለች። የተደናገጠች አትመስልም።

ጓድ ላቀው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጥርሱ ነጭ ነው። «ጓድ ክንፈ፣ ና እስቲ። ይህ ማነው?»

«አያ ንጉሡ ናቸው» አልኩ።

«ተዝካሩ በአንተ ኬላ ያለፈው?»

«አዎ።»

ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህች ሴት አታለለችኝ ብለህ በሕዝብ ፊት መስክር። አንተን ምንም አይነካህም፤ ምርጫውም ይቀጥላል። እሷን ደሴ እናጣራታለን።»

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እውነትም ነበር፤ አታልላኛለች። ሊቀመንበርነቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታየኛል። ቀና ስል እታገኘሁ አየችኝ፤ አላለቀሰችም። ያለኝ እሱ ብቻ ነው ያለችኝ ትዝ አለኝ። ስብሰባው ያላለቀው ሰውዬም ትዝ አለኝ፤ ሚስቱ ዛሬም በየወሩ መኪና ሲመጣ ኬላ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«አላታለለችኝም» አልኩ ጮክ ብዬ። «አውቄ ነው ያሳለፍኳት።»

ይህን ማን እንዳናገረኝ እስካሁን አላውቅም። ጓድ ላቀው ጥርሱን ከደነ። «እንግዲያስ ሁለታችሁም...» ብሎ ሲጀምር የማዶ ሚካኤሉ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በዘንጋቸው መሬቱን መቱ።

«ጓድ፣ ለእርስዎ አገሩ አዲስ ነው። የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አለ። ወራሽ ያጣ ወይም ወራሹን ያላመነ ሰው፣ ዓይኑ እያየ ተዝካሩን ያወጣል። የአባቶቻችን ደንብ ነው።»

«የቁም ሰው ተዝካር?»

«የቁም ሰው።»

«በእኛም አለ!» አለ አህመድ ከመሀል ተነስቶ። «ሰደቃ በሕይወት እያሉ የሰጡት ነው የሚበልጠው። ማንንም ሸኽ ይጠይቁ።»

ጓድ ላቀው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «በቁም ከሆነ ታዲያ ይህች ሴት ገመድ ይዛ ለምን አለቀሰች?»

«ልሰማት ብዬ ነዋ!» አሉ አያ ንጉሡ። «ከሞትኩ ወዲያ ብታለቅስ ምን ይጠቅመኛል?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ላቀው ከኪሱ የታጠፈ ሰርኩላር አውጥቶ አነበበ፣ ገልብጦም አነበበ። ስለ ሙት ተዝካር እንጂ ስለ ቁም ሰው ምንም አይልም። «ይቀጥል» አለ በመጨረሻ።

ለመምህር መልአኩ እጅ ይውጣ ሲባል ሚስቱ ብቻ አወጣች፤ እሷም ግማሽ ድረስ። ለእኔ ሲባል ሜዳው ሁሉ እጅ ሆነ። የሙሽራው እናት አወጣች። በለጡ እልል አለች። አያ ንጉሡ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። ይህ አይፈቀድም ቢሏቸው «አንደኛው የሟቹ ነው» አሉ።

አለቀስኩ። ሁለተኛዬ ነው በአንድ ወር።

የካቲት 15

የሑዳዴ መጀመሪያ። ራሴን ያመኛል። ፊሽካውንና ብረቱን ለምናለ አስረከብኩ። ፊሽካውን ከመስጠቴ በፊት አንድ ጊዜ ነፋሁት። ምናለ ብረቱን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ ለጌጥ ያምራል አለ።

መሪጌታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «መሪጌታ፣ የአያ ንጉሡ እውነት የቁም ተዝካር ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ የቁም ተዝካር አለ አልኩ እንጂ የእሱ ነው የሚል ቃል አልወጣኝም። በጾም ዋዜማ እዋሻለሁ?» ብለው አለፉ።

የካቲት 24

ጠረጴዛ አለኝ። ማህተም አለኝ። ከመስኮቴ ኬላው ይታያል። ገመዱ ሲነሳ ይውላል፤ የሚያለቅስ የለም። ከባሕር ዛፎቹ ሥር አሁን አንድ ሳይሆን በርከት ያሉ ኤንትሬዎች ናቸው የሚቆሙት። የካህናቱ ቁጥር ጨምሯል ማለት አልችልም፤ ጾም ነው።

የቀበሌው ሱቅ ጤፍ ጨርሷል። ድርጅቱ የመካነ ሰላም ጤፍ የት ገባ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ሴቶቹ በሬ ላይ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመችው የሙሽራው እናት ናት። «ሊቀመንበር፣ መረጥንህ እኮ! ጤፍ!»

እኔ ገመዱ ላይ ሳለሁ ጤፍ ነበር። ይህን ልላት አስቤ ተውኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ማን እንደጣለ ግን እኔ ሊቀመንበር ሆኜ መናገር አይገባኝም።

ማታ ቤት ስገባ ድንቅነሽ ቆሎ አቀረበችልኝ። «እንጀራስ?» አልኳት።

«ጤፍ የለም።»

«ጎታ ሙሉ ነበር እኮ!»

«አለፈ።»

«በየት?»

«በኬላ ነዋ፣ በየት ሊያልፍ ኖሯል?» አለችና ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ከመቼ ጀምሮ ብዬ አልጠየቅኋትም። አንዳንድ ጥያቄ ለባለሥልጣን አይመችም።

መጋቢት 2

ቆሎ ጥርሴን ጨረሰው። ዛሬ አህያ ተውሼ ማዶ አያ ንጉሡ ዘንድ ሄድኩ። እታገኘሁ ቀይ ሻሿን አስራ በር ላይ ተቀበለችኝ። አያ ንጉሡ በእጃቸው አንድ ጆንያ ጤፍ ሞልተው ጫኑልኝ። ብር ባወጣ ተቆጡኝ። «የተዝካሬ ትራፊ ነው፤ ያለቀሰ ይበላል» አሉኝ።

ስመለስ ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሯል። ከኋላው የጓድ ላቀው ላንድሮቨር ቆሟል፤ ራሱ በጎጆዬ በር፣ በወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ከገመዱ ወዲያ ወደ ማዶ የሚሻገረው ሰው ቆሟል፤ አህመድም በለጡም አሉ። ልመለስ አልኩ፤ አይተውኛል። ምናለ ፊሽካውን ነፋ። በእኔ ፊሽካ!

«ምን ጭነዋል ጋሼ?» አለ ምናለ ጮክ ብሎ። ዓይኑ ወደ ጎጆው ነው፤ ልጁ ፈርቷል።

«ጤፍ።»

«የድርጅቱ ወረቀት?»

«የለኝም።»

ጓድ ላቀው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ይህን ደንብ እኔው ነኝ በዚህ ገመድ ላይ ያቆምኩት፤ የሚያልፈውን አንድ ነገርም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ለተዝካር ነው» አልኩ።

«የማን?»

«የክንፈ።»

ምናለ ገመዱን ያዘ። «መቼ ነው የሞቱት?»

«በቅበላ ዕለት። እጅ ሲወጣላቸው።»

ጓድ ላቀው ሰርኩላሩን ከኪሱ አወጣና ሳያነበው መልሶ ከተተው፤ ከንፈሩንም ነክሶ ወደ ደጎሎ፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ሌላ ቦታ አየ። ከሰልፉ መሀል በለጡ ሙሾዋን አወረደችው፤ ለአያቷ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

«ነፍስ ይማር ጋሼ» አለ ምናለ፤ ገመዱንም አነሳልኝ።